ለዘፋኙ ብቻ የሚሰማ ድምፅ

በአትላንታ አጠገብ፣ በስቶን ማውንቴን የሠርግና የበዓል አዳራሾች ከሚክሰሩ ጀርባ ስቀመጥ አብልጬ የምጨነቀው ከዘፋኙ እግር ሥር ላለው ሞኒተር ነው። ሕዝቡ ዘፈኑን ይሰማል፤ ዘፋኙ ግን ከዚያች ሣጥን ራሱን ይሰማል፤ ራሱን እንደ ሰማውም ይዘፍናል።

ኮምፕረሰር ጮክ ያለውን ድምፅ ይጫናል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ከፍ ሲደረግ ለስላሳው ወደ ላይ ይወጣል። ለአዳራሹ ስፒከር መልካም ነው። በሞኒተሩ ሲበዛ ግን ዘፋኙ የጨመረው ጉልበት ወደ ጆሮው አይመለስም፤ ስለዚህ እንደገና ይገፋል፤ ጉሮሮውም ይጎዳል። ድምፁን ዝቅ ባደረገ ጊዜ ደግሞ 6 ዴሲቤል የተጨመረለት ማይክ ማፏጨት ይጀምራል።

ሪቨርብ፣ እኛ በልማድ ኢኮ የምንለው፣ ሌላ ጣጣ አለው። አንጋፋዎቹ «ትንሽ ኢኮ ጨምርልኝ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ፤ ያለ እርሱ ድምፃቸው ራቁቱን የቆመ ይመስላቸዋል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በአንቺሆዬ የሚርገበገበው የድምፅ ጌጥ በረዥም ሪቨርብ ይደፈርሳል፤ ባዶ ግድግዳ ያለው አዳራሽማ ሳይጠየቅ ያስተጋባል። ከአንድ ሰከንድ ያነሰውን፣ ያውም በጥቂቱ እሰጣለሁ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ላደረገ ግን አዳራሹ ስለሚዘጋበት ጨመር አደርጋለሁ።

አንድ ሽማግሌ ድምፃዊ በዕረፍት ሰዓት ድምፃቸው ሰልሎ መጡ። «ጋሼ፣ ኮምፕረሰሩን ከሞኒተርዎ ላንሣው፤ ኢኮዎ ይቆይልዎ» አልኋቸው። ተመልሰው ትዝታን ሲጀምሩ ማንም ሳይነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።