ሦስተኛዋ አረንጓዴ መብራት

እናላችሁ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ የአያታችንን ተዝካር አውጥተን ከጎንደር ስንመለስ ነው። እኛ ማለት እኔና ታናሽ እህቴ ነን። የሄድነውም የተመለስነውም በአውሮፕላን ነው። ሀብታም ሆነን እንዳይመስላችሁ። እናታችን “በመኪና ከምትመጡ ብትቀሩ ይሻለኛል” ብላ የዕቁቧን ብር ስላወጣችልን ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ አናብራራም።

አዲስ አበባ ልንደርስ ስንል ሰማዩ ጠቆረ። የነሐሴ ሰማይ መቼም አይታመንም፤ ቦሌ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ በረዶ ይጥላል። አውሮፕላኑ ዳመና ውስጥ ገብቶ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ሚኒባስ ይንጠን ጀመር። ጎማው ሲወርድ ከሥራችን ድምፅ ሰማን፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ታዩን፤ እህቴ ስልኳን ለመክፈት ተዘጋጀች። ከዚያ በድንገት ሞተሩ ጮኸ፣ ወንበሩ ጀርባችንን ገፋን፣ ጣሪያዎቹ ጠፉና ተመልሰን ዳመና ውስጥ ገባን።

አጠገባችን ነጠላ ለብሰው የተቀመጡ እናት “ልጆቼ፣ አለፍነው እንዴ?” አሉን። ፌርማታ ያለፈን ይመስል! ሳቃችን መጣ፣ ግን አልወጣም።

ትንሽ ቆይቶ አብራሪው በድምፅ ማጉያው ተናገረ። የአንዱ ጎማ ምልክት መብራት ስላልበራ እያጣራን ነው፣ ጥቂት እንዞራለን አለ። ድምፁ ከመዝገብ ላይ የቤት ቁጥር የሚያነብ የቀበሌ ሠራተኛ ድምፅ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ዞርን። ሴትየዋ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ እኛ ከልጅነታችን ወዲህ ተያይዘን የማናውቀውን እጅ ተያያዝን። መብራቷ በራች፣ አረፍን። ጥቂት ሰው አጨበጨበ።

ከሁለታችን አንዷ የጋዜጠኝነት ምሩቅ ናትና (ሥራ አግኝታለች ወይ እንዳትሉን) ገና ሻንጣ ሳንረከብ ዜና አማረን። ለአንድ አዘጋጅ ደወልን።

“ማን ተጎዳ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ምኑ ነው ዜናው?”

እውነቱን ነው፤ ክፍል ውስጥም የተማርነው ይኸንኑ ነው። ግን ያ “ምንም አልሆነም” የሚባለው ሃያ ደቂቃ አላስተኛን አለ። ከበሩ ወዲያ ምን ይሠሩ ነበር? ስናነብ አደርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስቱ የጎማ እግሮች ወርደው ሲቆለፉ ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ። አንዷ ካልበራች ወይ እግሩ አልተቆለፈም፣ ወይ አምፖሏ ተቃጥላለች። የትኛው እንደሆነ መሬት አጠገብ ሆኖ አይገመትም፤ ተመልሶ ወደ ላይ ነው። ላይ ሲደረስም ሌላ አደጋ አለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1965 ዓ.ም. የኢስተርን አየር መንገድ 401 በረራ ማያሚ ሊያርፍ ሲል የአፍንጫው ጎማ መብራት አልበራም። አብራሪዎቹ ሁሉ አምፖሏን ሲያዩ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ መውረዱን ያየ አልነበረም። 101 ሰው አለቀ። ጎማው ወርዶ ነበር፤ የተቃጠለችው አምፖሏ ናት። ዝናብ እንኳ አልነበረም! ለዚህ ነው ዛሬ አንዱ አብራሪ አውሮፕላኑን ብቻ ይዞ ሌላው ብልሽቱን የሚፈልገው።

የወደድነው ግን የካርሎስ ዳርዳኖን ታሪክ ነው። የኤልሳልቫዶር ሰው ነው፤ አንድ ዓይኑን በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በተኩስ አጥቷል። ግንቦት 16 ቀን 1980 ዓ.ም. ገና የ29 ዓመት ካፒቴን ሳለ፣ የታካ አየር መንገድን 110 በረራ፣ ቦይንግ 737፣ ከቤሊዝ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይዞ ይሄድ ነበር። 45 ሰው ተሳፍሯል። ለማረፍ ዝቅ ሲል ማዕበል ገጠመው። በራዳሩ ላይ ቀይ ቀዩን እየሸሸ በመሃል ባለው ክፍተት ሊያልፍ ሞከረ፤ ዝናቡና በረዶው ሁለቱንም ሞተሮች አጠፋቸው። ሁለቱንም! እንደገና አስነሷቸው፤ ተነሱ፣ ግን ጉልበት አልሰጡም፣ ጋሉም። ራሳቸው መልሰው አጠፏቸው። አስቡት፤ ስንት ለምነህ ያስነሳኸውን ሞተር በገዛ እጅህ ማጥፋት!

አውሮፕላን ማረፊያው አይደረስበትም። ውሃ ላይ ለማረፍ ሲሰናዳ ከቦዩ ጎን ሣር የለበሰ ጠባብ የጎርፍ መከላከያ ክትር ታየ። አዙሮ እዚያ አሳረፈው። 45ቱም በሕይወት ወጡ። በኋላ በሞተሩ ፊት ያለው ሾጣጣ ቅርፁ ተለወጠ፣ በረዶው ወደ ውጭ እንዲወረወር። አውሮፕላኑም ተጠግኖ በአቅራቢያው ካለ መንገድ ላይ ተነሥቶ በረረ፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ሠራ።

ለእናታችን የራሳችንን አልነገርናትም። “ትንሽ ዝናብ ነበር” አልናት፤ ለመስቀል እኛ ጋ ልትመጣ ነው፣ በሕይወቷ የመጀመሪያ በረራዋ። መኪናውን ፈርታለች፤ ይኼንንም ከፈራችው በምን እንገናኛለን? በስልክ “ያስፈራል እንዴ?” ስትለን የዳርዳኖን ታሪክ ነገርናት፤ እንድትበረታ ብለን። ጸጥ ብላ ሰማች።

“አንድ ዓይኑን ነው ያላችሁት?”

“አዎ፣ እማዬ።”

“እናቱስ?” አለች። “እሷ መቼ ሰማች? ወይስ ዝናብ ነበር ብሏት ቀረ?”

ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርን። እህቴ አየችኝ፣ አየኋት።

“እናንተ፣ አላችሁ?” አለች እናታችን።