የሁለት አገር ሽቱ

በለንደን ከተማ፣ ጄርሚን በሚባለው መንገድ፣ በቁጥር 89 አንድ የሽቱ ቤት አለ። ቤቱን በ1730 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቆመው ሁዋን ፋሜኒያስ ፍሎሪስ የሚባል ከሚኖርካ ደሴት የመጣ ሰው ነበር። አስቀድሞ ሥራው ጢም መላጨትና ሚዶ መሥራት ነበረ፤ በ1820 ዓ.ም. ንጉሥ ጊዮርጊስ 4ኛ ለቤቱ የመጀመሪያውን የቤተ መንግሥት ማዕረግ ሲሰጡትም ስለ ሽቱው ሳይሆን ስለ ሚዶው ነው። ዳሩ ግን ሰውዬው ያደገበትን የደቡብ ባሕር መዓዛ በዚያ በጉም አገር ቢያጣው፣ ከባሕር ማዶ ያስመጣውን ዘይት እየቀመመ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሙያው ከቤተ ሰቡ ሳይወጣ ዘጠነኛው ትውልድ ደርሷል።

የእንግሊዞች የሽቱ ልማድ ቀላልነትን ይወዳል። ላቬንደሩ፣ ጽጌረዳው፣ የሎሚው ልጣጭ ዘይቱ ይወጣና በአልኮል ይበጠበጣል፤ አልኮሉ ፈጥኖ ስለሚተን መዓዛው ብድግ ይልና ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል። የዐረቦች ልማድ ግን ሌላ ነው። የእነርሱ ሽቱ አልኮል የሌለበት ወፍራም ዘይት ነው፤ ጠብታው ከጆሮ በስተኋላ ተቀብቶ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ጥበቡም የቆየ ነው፤ አል ኪንዲ የተባለው የ9ኛው መቶ ዓመት ፈላስፋ ስለ ሽቱ በሚጠራለት መጽሐፍ ከመቶ የሚበልጥ አቀማመም ተጽፏል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከበረው ዑድ የሚባለው እንጨት ነው። ዛፉ በአሳምና ከዚያ በስተምሥራቅ ባሉ አገሮች ይበቅላል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ዛፉ ጤነኛ ሳለ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ሽታ የሌለው መሆኑ ነው። ትል ሲበሳው ወይም ሲቈስል ሻጋታ ይገባበታል፤ ዛፉም ቍስሉን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ያ የታመመው ክፍል እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ውኃ ላይ ቢጥሉት ይሰጥማል። መዓዛ ያለው ይኸው ብቻ ነው። ስንጥሩ በፍም ላይ ይታጠናል፤ የቀረውም ተዘፍዝፎ እንደ አረቄ በእንፋሎት ይወጣል። ኒቆዲሞስ ከከርቤው ጋራ ያመጣው፣ በአማርኛው እሬት የተባለው ቅመም፣ ከሊቃውንት አንዳንዶቹ እንደሚያስረዱት የእኛ የቆላው መራራ እሬት ሳይሆን ይህ እንጨት ነው።

እንግዲህ በ2014 ዓ.ም. የፍሎሪስ ቤት ዑድን ከማር፣ ዑድንም ከቆዳ ጠረን ጋራ አስማምቶ ሁለት ሽቱ አወጣ። የአያቶች ስም አያቶች ባላሸተቱት ነገር ላይ መለጠፉ ተገቢ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ስም ከተሸጠ በኋላ የሚቀረው ጠርሙስ ብቻ ነውና። ነገር ግን የቤቱ አባት ራሱ የደቡብን መዓዛ ወደ ሰሜን ያመጣ ስደተኛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ደግሞም መቀላቀሉን አስቀድሞ የጀመረው ነጋዴው ሳይሆን ገዢው ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ሰው ልብሱን በዑድ ያጥናል፣ ገላውን ዘይት ይቀባል፣ ከዚያ በላይ የአውሮፓን ሽቱ ይረጭበታል። (ከእኛም አገር የጥሪኝ ዝባድ በቀንድ እየታሸገ ለዐረቡም ለአውሮፓውም የሽቱ ቀማሚ ለብዙ ዘመን ተልኳል።)

በሌላው ወገንም እንዲሁ ሆነ። ሐጂ አጅማል ዓሊ የተባሉ የአሳም ሰው በ1951 ዓ.ም. የዑድ ንግድ ጀመሩ፤ ልጆቻቸው ሥራውን ወደ ዱባይ አስፋፍተው፣ ዛሬ ከዘይቱ ጎን በአልኮል የተበጠበጠውን የአውሮፓውያን ዓይነት ሽቱ ይሸጣሉ። ሁለቱ ቤተ ሰቦች ከተቃራኒ መንገድ መጥተው ባንድ ገበያ ተገናኙ ማለት ነው።

የሚያሳስበው ዛፉ ነው። የታመመውን ከጤነኛው በውጭ ለይቶ ማወቅ ስለሚያስቸግር ቆራጮች ሁሉንም ይጥሉ ነበር፤ ስለዚህ ከዛፉ ዓይነቶች አንዱ በ1995 ዓ.ም.፣ የቀሩትም በ2004 ዓ.ም. ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን መንግሥታት ተስማሙ። አሁን ብዙ ገበሬዎች ዛፉን በመስመር ተክለው ግንዱን በመሰርሰሪያ ይበሳሉ፤ በቀዳዳውም ሻጋታውን ያስገቡና ቍስሉ እስኪጠቁር ይጠብቃሉ።