ቀንበር የሰበረና ቀንበር የተሸከመ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ግድም፥ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ፥ በካህናትና በሕዝብ ፊት ሁለት ነቢያት ተፋጠጡ። ቀደም ብሎ በ597 የባቢሎኑ ናቡከደነፆር ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን ከነሹማምንቱና ከነአንጥረኞቹ ማርኮ፥ የቤተ መቅደሱንም ዕቃ ዘርፎ ሄዷል። በከተማዪቱ የቀረው ሕዝብ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ምርኮኞቹ መቼ ይመለሳሉ?

ሐናንያ «በሁለት ዓመት» አለ። ኤርምያስ ግን በአንገቱ የእንጨት ቀንበር አጥልቆ፥ ምርኮው ረጅም መሆኑን ሲናገር ሰንብቷል። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ነጥቆ ሰበረው።

ሁለቱም በአንድ አምላክ ስም ተናገሩ፤ ሁለቱም በምልክት አስረዱ። በትዕይንት ረገድማ ሐናንያ ይበልጥ ነበር፤ ከተሸከሙት ቀንበር ይልቅ የተሰበረ ቀንበር ዓይን ይስባል፥ ልብም ያሞቃል። እንግዲህ እውነተኛው በምን ይለያል?

ኤርምያስ አስቀድሞ «አሜን» አለ፤ የሐናንያ ቃል ቢፈጸም እርሱም በወደደ ነበር። ነገር ግን የሚመኘውን ከሚያውቀው ጋር አላደባለቀም። ሰላምን የሚተነብይ ነቢይ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው ብሎ መመዘኛውን አኖረና፥ ዝም ብሎ መንገዱን ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የተናገረው የእንጨቱ ቀንበር በብረት መተካቱን ነው። መራራ ቃል ሁሉ እውነት አይደለም፥ ጣፋጩም ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ሐናንያ ግን ለሕዝቡ የሰጠው ሕዝቡ አስቀድሞ የሻውን ብቻ ነበር።

በኋላ ከተማዪቱ ስትከበብ፥ መኳንንቱ ኤርምያስን «የወታደሩን እጅ ያደክማል» ብለው ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ጣሉት። ንጉሥ ሴዴቅያስ በአደባባይ አሳልፎ ሰጠው፤ በስውር ግን አስጠርቶ ይጠይቀው ነበር። ከጉድጓዱ ያወጣው የቤተ መንግሥቱ አገልጋይ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ንጉሡ ፊት ቀርቦ የመኳንንቱን በደል ተናገረ፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠውም አሮጌ ጨርቅ አብሮ አወረደለት። ኢየሩሳሌም በ586 ግድም ተቃጠለች።

በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ የኤርትራን ጦርነት ይቋጫል ተብሎ ሲታወጅ፥ በዓሉ ግርማ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ተሰልፎ ነበር። ናቅፋ ሳትያዝ ቀረች። በ1975 ዓ.ም. ያየውን በልቦለድ መልክ «ኦሮማይ» ብሎ አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ ንጉሥ ፊት የሚቀርብ አቤሜሌክ አልተገኘም።

ነቢይን ከነቢይ መለየት ጊዜ ይጠይቃል፤ መምህሩም፥ ካድሬውም፥ ከያኒውም ቃሉ እስኪፈጸም ሊጠብቅ ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ግን ያን ያህል አይቆይም። አቤሜሌክ ገመዱን ያወረደው ኢየሩሳሌም ከመውደቋ በፊት፥ የኤርምያስ ቃል ገና ሳይፈጸም ነበር።