ጣሳ ይዛወራል፣ ስፌት አይዛወርም

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው። እናታችን በ2013 ዓ.ም. አረፈች። የተወችልን ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ቀይ ሻሽና አንድ ያረጀ ነጠላ ነው።

ልብሱ ለመልበስ አይሆንም። እንዳንጥለው ደግሞ አንጀታችን እምቢ አለ። ታናሽ ወንድማችን ለትምህርት ወደ ከተማ ሊሄድ ነበር። «ለምን ብርድ ልብስ አንሰፋለትም? የእናቱን ልብስ ለብሶ ይተኛል» ተባባልን።

ከገበያው ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምነን አመጣን። ከእናታችን ልብስ ጋር ቀላቅለን በአንድ ሳምንት ሰፋነው። አንድ ጎረቤት አይቶ «ድሪቶ ሰፋችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። ድሪቶ የድሃ ልብስ ነው ይባል የለ! አፈርን፤ ግን ዝም አልን።

ያንገበገበን ሌላ ነው። ብርድ ልብሱን ስናጥበው ሻሹ ቀለሙን ለቀቀ። ነጩ ነጠላ ቀላ። አዲሱ ጨርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ስፌቱን ጎተተው። አንዳችን «ሻሹን ያስገባሽው አንቺ ነሽ!» አልን። ሌላችን አለቀስን። ሦስት ቀን ሙሉ ቡና እንኳ አብረን አልጠጣንም።

በደጃችን በአሮጌ ጣሳ የተከልናቸው አበቦች አሉን። ጽጌረዳ አለ፤ ቀይ ጄራኒየም አለ፤ ጤና አዳምም አለ። ድሮ የጣሳውን ቂጥ ሳንበሳ ተክለን፣ ውሃው አቁሮ ሥሩ በስብሶብን ነበር። አሁን በምስማር እንበሳዋለን። ጄራኒየም ስንተክል ከጤነኛው ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል እንቆርጣለን። የታችኛውን ቅጠል እናራግፋለን። ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ እናቆየዋለን። ከዚያ እንተክለዋለን። ውሃ የምናጠጣው አፈሩ ላይ ላዩን ሲደርቅ ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጣሳዎቹን ወደ ፀሐይ አወጣን። ቀዩን ጄራኒየም ከቀዩ ጽጌረዳ አጠገብ ብናደርገው አንዱ ከሌላው አልለይ አለ። ከጤና አዳሙ አጠገብ ብናደርገው ግን ቦግ አለ። ያን ጊዜ ተያየን። ጣሳ ካላማረ አንስቶ ማዛወር ነው። ስፌት ግን አይዛወርም። ታዲያ ጨርቁን ሳንሰፋው በፊት ለምን እንዲህ አላዘዋወርነውም? ሳቅን። እርቁም ያን ቀን ወረደ።

ስፌቱን ተርትረን እንደገና ጀመርን። የሠራነው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጨርቁን ሁሉ፣ ገበሩን አቡጀዲ ጭምር፣ አጠብነው። የሚኮማተረው ሳይሰፋ ይኮማተር ብለን ነው።

ቀጥለን እያንዳንዱን እርጥብ ጨርቅ በነጭ ቁራጭ ላይ ተጫንነው። ነጩን ካቀለመው እንደገና አጠብነው። ሻሹ ደጋግመን ብናጥበውም መልቀቁን አልተወም። እያዘንን አወጣነው። ናይለኑንም ለየነው፤ እንደ ጥጥ አይኮማተርም፤ ከመርፌም ይንሸራተታል።

ከዚያ ከካርቶን ስንዝር በስንዝር የሆነ ልክ ቆረጥን። በዚያ ልክ 48 ቁራጭ አወጣን። በቁመት 8፣ በወርድ 6 አድርገን ሰሌን ላይ ደረደርነው። ቆመን አየነው። አዛወርነው። አሳድረን ጠዋት እንደገና አየነው። አንድ ጣት ለስፌት እየተውን የሰፋነው ከዚያ በኋላ ነው።

የቀላው ነጠላ እንደ ድሮው አልነጣም። መሐል ላይ አደረግነውና ዙሪያውን በአረንጓዴ ከበብነው። ወንድማችን ሲያየው «ይቺ ሮዟ ከየት መጣች?» አለ። ከእናትህ ሻሽና ነጠላ ነው አልነው። ዝም ብሎ ዳሰሰው። ብርድ ልብሱን ይዞት ሄደ። ሻሹ ከእኛ ዘንድ ቀረ።

ያ ጎረቤት ዛሬም ድሪቶ ይለዋል። አዎ፣ ድሪቶ ነው። ግን ቁራጩን አንድ በአንድ የመረጥነው ድሪቶ ነው። አናፍርበትም።

እናንተም ቤት ውስጥ የምትሳሱለት አሮጌ ልብስ አይጠፋም። ከመስፋታችሁ በፊት እጠቡት፣ ፈትኑት፣ ደርድራችሁ እዩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛም አፍሰን ለቅመናል፤ የሻሹን ቀለም ግን ከነጠላው ላይ መልቀም አልቻልንም።