የርቢ ላም

ከሕመም ብዛት ከመኝታው መነሣት የተሳነውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። ቃሉን ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ከየት እንደ መጣ የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን። ቁራኛ በቀደመው ዘመን ሁለት ባላጋራዎች እጅ ለእጅ በሰንሰለት፣ አልያም ኩታ ለኩታ ታስረው የሚሄዱበት የፍርድ ሥርዓት ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ ዋስ እስኪገኝ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ልብ በሉ፤ የሚታሰረው ባለዕዳው ብቻ አልነበረም። «ገንዘቤን» ያለውም አብሮ ይታሰር ነበር።

እኔ በደባርቅ ከተማ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የዛሬው ቁራኛ በፖስታ ታሽጎ ከጠረጴዛዬ ላይ ያርፋል። ክብ ማኅተም አለበት፤ የመዝገብ ቁጥር አለበት፤ «የፍርድ ባለመብት» እና «የፍርድ ባለዕዳ» የሚሉ ሁለት ስሞች ፊት ለፊት ተጽፈውበታል። የሚያስረው ግን እጅን አይደለም። የሒሳብ ቁጥርን ያስራል፤ አንዳንዴም አክሲዮንን።

ስለዚህ ነገር አብዝቼ እንዳስብ ያደረጉኝ ከአምባራስ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። አምባራስ ከሳንቃ በር አልፎ ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ ብርዳም የደጋ አገር ነው፤ እህሉ ገብስ ነው። የእኒህ እናት ባለቤት ከመሞታቸው በፊት ለአንድ ነጋዴ 40 ኩንታል ገብስ በዱቤ ሰጥተው ነበር። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ጎብኚውን ከስሜን ተራሮች አራቀው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ ዳባት ድረስ ዘለቀ። የነጋዴው ገበያ ተዘጋ፤ ዕዳው ግን አልተዘጋም።

ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ነገር ግን ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ለየቅል ናቸው። የፈረዱለት ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 378 መሠረት የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል። ባለዕዳውም ቀርቦ ያለውን ንብረት ይጠየቃል። የእኛ ነጋዴ ሲጠየቅ ሱቁ የኪራይ ሆነ፤ የባንክ ሒሳቡም ባዶ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ በአንድ ባንክ ያለው አክሲዮንና ከሦስት ሸሪኮች ጋር ባቋቋመው የእንግዳ ማረፊያ፣ ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ያለው ሩብ ድርሻ።

«ልጄ፣» አሉኝ እኒያ እናት በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው፣ «አክሲዮን የሚሉት በሬ ነው ወይስ መሬት? ዳኛው ይዘነዋል ይላሉ፤ እኔ ግን የተያዘ ነገር አላየሁ።»

«እማማ፣ ላም በርቢ ሰጥተው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

ርቢን የማያውቅ ደገኛ የለም። ላሟ በሌላ ሰው በረት ታድራለች፤ የሚያበላት፣ የሚያጠጣት እሱ ነው፤ ጥጃዋን ግን ባለቤቱና አርቢው ይካፈሏታል። እንግዲህ ከላሟ ባለቤት ገንዘብ የሚፈልግ ሰው በረት ሰብሮ አይነዳትም፤ አርቢው ምን በደለ? የሚይዘው የባለዕዳውን ድርሻ ብቻ ነው።

የእንግዳ ማረፊያውም እንዲሁ ነው። ቤቱ፣ አልጋው፣ ብርድ ልብሱ የማኅበሩ እንጂ የነጋዴው አይደለም፤ ማኅበር በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነውና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው ገንዘባቸውን ያዋጡት ሦስቱ ሸሪኮች በአራተኛው ዕዳ ቤታቸው አይታሸግባቸውም። የእግዱ ትእዛዝ የሚለው እንዲህ ነው፦ ይህ ሰው ድርሻውን ለሌላ እንዳያስተላልፍ፤ የሚደርሰው ትርፍም ለእሱ እንዳይከፈል። ባዕድ ሰውም በአንድ ሐራጅ ከሸሪኮቹ መካከል ዘው ብሎ አይቀመጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንኳ እንዲህ ባለው ማኅበር ድርሻን ለውጭ ሰው ለማስተላለፍ የካፒታሉን ሦስት አራተኛ የያዙት አባላት እንዲፈቅዱ ይጠይቅ ነበር። የዚያ ሕግ ስለ ንግድ ማኅበራት የሚደነግገው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል።

እናቲቱ ነገሩን በሚገባ ጨበጡት። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያ ላሚቱ እስክትወልድ መጠበቄ ነው። እኔስ እስከዚያ እደርሳለሁ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ቁጥር በሕጉ ውስጥ አላገኘሁም።

ሕጉ ለባለዕዳው ርኅራኄ አለው። በቁጥር 404 የሙያ መሣሪያውንና የቤተሰቡን የሦስት ወር ስንቅ ከመያዝ ያድናል። ለሦስተኛ ወገንም ይራራል። የነጋዴው ሚስት በቁጥር 418 መሠረት «አክሲዮኑ በትዳር የተፈራ ነው፤ ግማሹ የእኔ ነው» ብላ ተቃውሞ አቀረበች፤ ማስረጃዋ ተመርምሮ ግማሹ ተለቀቀ። ይህ ሁሉ ፍትሕ ነው፤ አንዱንም ይቅር አልልም። ነገር ግን ርኅራኄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ከኪሳቸው አውጥተው የሚከፍሉት ደግሞ የአምባራሷ እናት ናቸው።

የባንኩ አክሲዮን እግድ የተጻፈው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ወደሚገኝበት፣ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ትርፉ እስኪከፈል ጠቅላላ ጉባኤው ተጠበቀ። አክሲዮኑን በሐራጅ መሸጥም ቀላል አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነውና፣ ያኔ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ በእርግጥ የሚናገር አልነበረም። በመጨረሻ ሸሪኮቹ መከሩና የነጋዴውን ሩብ ድርሻ ራሳቸው ገዙ። የማረፊያው በር አንድ ቀን ሳይዘጋ፣ እናቲቱም ገንዘባቸውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተቀበሉ።

ብሩን ቆጥሬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩ ልክ ነበር። በዚያ ብር በዕለቱ የደባርቅ ገበያ የሚገዛው ገብስ ግን 20 ኩንታል እንኳ አይሞላም ነበር።

ስለዚህ ቁራኛ ቀርቷል ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ከባለዕዳው እጅ ወልቋል፤ ከባለመብቷ እጅ ግን አልወለቀም። ሸሪኮቹን ሳይነኩ ድርሻን መያዝ መልካም ሕግ ነው፤ መልካምነቱ የሚሞላው ግን ትእዛዙን የሚጽፈው፣ የሚያደርሰውና መልስ የሚሰጠው እጅ ሲፈጥን ነው። ከእነዚያ እጆች አንዱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ክብ ማኅተም ያለበት ፖስታ ከጠረጴዛዬ ላይ አያድርም።

እጅ ለእጅ የሚያስረው ብረቱ ቢቀርም፣
መጠበቅ የሚሉት ገመድ አልቀረም፤
ትውለድ እንጂ ላሚቷ ቆማ በበረቱ፣
ጥጃው ቶሎ ይድረስ ሳያልፍ ባለመብቱ።