ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ፣ እና «ሰርቨር ይጨመር»

ዛሬ ሰኞ ነው፤ የባቲ ገበያ ቀን። በእንዲህ ያለ ቀን «ሲስተሙ ተጨናንቋል» በተባለ ቁጥር ከሙያው ሰዎች የሚሰማው መልስ ዛሬም ያው ነው፦ ሰርቨር ይጨመር። ይህ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ስህተት። ዳታው በብዙ ኖዶች (ማሽኖች) ተከፋፍሎ በሚቀመጥበት ክላስተር ውስጥ ፍጥነቱን መጀመሪያ የሚወስነው የማሽኑ ብዛት አይደለም፤ ዳታው በምን ቁልፍ ተከፈለ የሚለው ነው። ቁልፉ የሕዝቡን እንቅስቃሴ ካላወቀ የተገዛው ማሽን ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

የጨፋን ሸለቆ ውሰዱ። ቦርከና የሚያጠጣው ያ ረግረግ በበጋም ሣር ስለማያጣ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ከብቱን እየነዳ ይወርድበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. ድርቅ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ባወጣው ሪፖርት ሸለቆው ለ50,000 አርብቶ አደሮችና ለ200,000 እንስሳት መጠጊያ ሆኖ ነበር። እንግዲህ የእነዚህን እንስሳት ክትባትና ዝውውር የሚመዘግብ ዳታቤዝ ካሳንድራ በተባለው ሶፍትዌር ተሠራ እንበል፤ 12 ኖድ፣ እያንዳንዱ መረጃ በ3 ቅጂ። ሪፖርቱ የሚጠየቀው በወረዳ ነውና ሠሪው ወረዳን የመክፈያ ቁልፍ ያደርጋል። ሸለቆው ያለበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎችና የከተማ አስተዳደሮች ግን ተደምረው አሥር አይሞሉም። ካሳንድራ ደግሞ አንድ ቁልፍ ያለውን መረጃ ሁሉ ሁልጊዜ በእነዚያው 3 ኖዶች ላይ ነው የሚያስቀምጠው። በበጋ መንጋው ደዋ ጨፋ ወረዳ ሲወርድ መጻፉም ማንበቡም በ3 ማሽኖች ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ 9ኙ ሥራ የላቸውም። ክላስተሩን 24 አድርጉት። ደዋ ጨፋ አሁንም 3 ኖድ ላይ ነው፤ ሥራ የፈቱት ግን 21 ሆኑ።

«እሺ፣ ወረዳው ላይ ቀኑን እንጨምርበት» የሚል ይኖራል። በእርግጥ አንድ እርምጃ ነው፤ ቢያንስ ፓርቲሽኑ (በአንድ ቁልፍ ሥር የተከማቸው መረጃ) ዓመት ከዓመት እያበጠ አይሄድም። ነገር ግን በዚህ አገር ቀን ከቀን እኩል አይደለም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፣ እሑድ የሰንበቴ። «ባቲ፣ ሰኞ» የሚለው ቁልፍ የሳምንቱን ግማሽ ሥራ በአንድ ቀን ሊሸከም ይችላል፤ «ባቲ፣ ረቡዕ» ባዶውን ይውላል። ስለዚህ በቁልፉ ላይ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፤ ከእንስሳው መለያ ቁጥር የሚሰላ፣ ከ0 እስከ 15 የሚደርስ የክፍል ቁጥር። የባቲ ሰኞ ያኔ 16 ቦታ ይበተናል። ዋጋ አለው፤ የቀኑን ሙሉ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው 16 ጥያቄ ልኮ መልሱን ማዋሐድ አለበት። ሆኖም ዝርዝሩን በቀን ጥቂት ጊዜ የሚያነብ አንድ ጽሕፈት ቤት ጥቂት ቢጠብቅ ይሻላል ወይስ እንስሳ ይዞ የተሰለፈው ሁሉ ፀሐይ ላይ ይቁም? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው።

ይህ የገጠር ምሳሌ ብቻ ነው የምትሉ የመልእክት መለዋወጫውን የዲስኮርድን ታሪክ ተመልከቱ። መሐንዲሶቹ ራሳቸው እንደጻፉት በ2017 እ.ኤ.አ. መልእክቶቹን በ12 የካሳንድራ ኖዶች ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ቁልፉ ቻናሉና የ10 ቀን ክፍል ነበር። በ2022 መጀመሪያ ኖዶቹ 177 ደርሰው ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያነበው ቻናል ግን ያኔም ጥቂት ኖዶችን እያስጨነቀ ክላስተሩን ያንገዳግድ ነበር። ያሻሻሉት ሌላ 177 ደርድረው አይደለም። ከዳታቤዙ ፊት አንድ አገልግሎት አቆሙ፤ ብዙ ሰው ያንኑ መልእክት በአንድ ቅጽበት ሲጠይቅ ጥያቄዎቹን ወደ አንድ ሰብስቦ ይልካል። ዳታውንም ሲላ ዲቢ ወደተባለ ሌላ ዳታቤዝ አዛወሩ፤ ኖዶቹ 72 ሆኑ።

የመክፈያ ቁልፍ ካነሣሁ አይቀር የሚያንገበግበኝን ነገር ልናገር፤ የሰው ስም ቁልፍ መሆኑ። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ፤ አንድ ሰው ነው፣ በአራት መዝገብ ሠራተኞች እጅ የተጻፈ። ለእኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለዩኒኮድ ግን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ ስለዚህ የየራሳቸው ሃሽ (ከቁልፉ የሚሰላ፣ ኖዱን የሚወስን ቁጥር) ያወጣሉ፣ የተለያየ ኖድ ላይም ሊወድቁ ይችላሉ። ከሚሴ ላይ ደግሞ ያው ስም በቁቤም ይጻፋል። ከዚያ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ያለው ከውጭ የመጣ ቅጽ ይሰጠንና የአያታችንን ስም እንሞላበታለን፤ ወንድማማቾች አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ፣ አባትና ልጅ ግን አይዛመዱም። ይህ የሕዝቡ ጥፋት አይደለም! ስማችን ከማንም ዳታቤዝ በፊት የነበረ ሥርዓት አለው፤ ሞዴሉ ነው ለእሱ መገዛት ያለበት። ስም ይመዝገብ፣ ይፈለግበት፣ ሞክሼ ፊደላቱም ለፍለጋ ወደ አንድ ይምጡ፤ ቁልፍ ግን አይሁን። «የፋይዳ ቁጥር አለ አይደል?» ለምትሉ፦ ማንነትን ለማረጋገጥ አዎ። በየሠንጠረዡና በየሎግ ፋይሉ የሚበተን ቁልፍ ለማድረግ ግን አይሆንም፤ የሰውን መለያ ለሚያይም ለማያይም ማዝራት ነው። ሲስተሙ የራሱን ትርጉም አልባ ቁጥር ይስጥ፤ ፋይዳው አንድ የተጠበቀ ቦታ ይቀመጥ።

ወደ ፍጥነቱ ልመለስ። ከባዱ ተቃውሞ የኔትወርክና የመብራት ነው፤ ችግራችን እሱ ሆኖ ሳለ ስለ ቁልፍ ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። መስመር ይቆረጣል፣ መብራትም ይጠፋል፤ አልክድም። ነገር ግን ሁለቱን መለየት ይቻላል። ኔትወርክ ሲሆን መዘግየቱ በዚያ መስመር የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ይነካል። ቁልፍ ሲሆን የደዋ ጨፋ ጥያቄ ሲጎተት የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ጥያቄ በዚያው መስመር፣ በዚያው ደቂቃ ይፈጥናል፤ የ3 ኖዶች ሲፒዩ ሲነድ የቀሪዎቹ ቀዝቃዛ ነው። ይህን ሳይለኩ ኔትወርክን መውቀስ ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

ሁለት አቋራጮችን ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ ተዉአቸው። አንደኛው፣ ሲጎተት ጊዜ መጻፉንም ማንበቡንም ከኮረም (ከቅጂዎቹ አብላጫው) ወደ ዋን (አንድ ቅጂ ብቻ) ማውረድ ነው። በ3 ቅጂ ላይ ሁለቱ ከጻፉና ሁለቱ ካነበቡ ቢያንስ አንዱ አዲሱን ያውቃል። አንድ ጽፎ አንድ ሲያነብ ግን ጠዋት የተከተበው በሬ ከሰዓት ያልተከተበ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው፣ «አሁን ሸለቆው ውስጥ ያሉ እንስሳት» የሚል ሠንጠረዥ ሠርቶ መንጋው ሲወጣ መሰረዝ ነው። ካሳንድራ የተሰረዘውን ወዲያው አያጠፋም፤ ቶምስቶን የሚባል ምልክት ያስቀምጥበትና ካልተቀየረ በቀር 10 ቀን ያቆየዋል። ዝናብ ጥሎ መንጋው ሲነቀል ምልክቱ ይከመራል፤ አንድ ንባብ ከ100,000 በላይ ቶምስቶን ከገጠመው ጥያቄው ራሱ ይቋረጣል። መግባትንም መውጣትንም እንደ ክስተት ጻፉ እንጂ አትሰርዙ።

እውነቱን ለመናገር የአንድ ዞን መዝገብ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ክላስተር ላያስፈልግም ይችላል። 200,000 እንስሳት ለአንድ በደንብ ለተያዘ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ቀላል ነው፤ ባክአፑና ተጠባባቂ ቅጂው ይኑር እንጂ። ክላስተር የሚገባው አገር አቀፍ ሲሆን፣ ወይም አንድ ማሽን ሲወድቅ አገልግሎቱ መቆም የማይችል ሲሆን ነው። «ትልልቆቹ ይጠቀሙበታል» ምክንያት አይደለም። ክላስተሩ በእጃችሁ ያለ ግን ለግዢ ከመጻፋችሁ በፊት ነገ ጠዋት ኖድቱል ቴብልሂስቶግራምስ የሚባለውን የካሳንድራ ትእዛዝ በየሠንጠረዡ አሂዱና የፓርቲሽኑን መጠን ተመልከቱ። ትልቁ ከ100 ሜጋባይት ካለፈ የግዢውን ደብዳቤ አቁማችሁ ሠንጠረዡን እንደገና ሥሩ።