ቢጫው ቀለም ያልነገረኝ

ግሪንቤልት ባለው ቤታችን እናቴ የጤፍ ሊጥ አቡክታ፣ ከላይ የጠለለውን ቢጫማ ውኃ ለሚቀጥለው ቡኮ ታስቀራለች፤ «እርሾ» ትለዋለች። እኔም በሙያዬ እርሾ የምለው አለኝ፤ የእኔው ግን በአጉሊ መነጽር የሚታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ያገናኘው የእናቴ ሕመም ነው።

ባለፈው ጥር ሐኪሟ በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ እንዳለባት ነገራት። «ዕድሜ ልኬን ጤፍ በልቼ ብረት እንዴት ያንሰኛል?» አለችኝ። በጤፍ ውስጥ ብረት አለ፤ በየናሙናው ከሚለካው ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለ የአፈር ብረት ነው። የእህሉን የራሱን ብረት ደግሞ ፋይቴት የተባለ ውሁድ አጥብቆ ስለሚይዘው አንጀት በቀላሉ አያገኘውም።

በዚያው ሰሞን ከዳቦ እርሾ የተገኘ፣ ፎስፌትን ቆርጦ የሚለቅ ኢንዛይም አጠና ነበር። ዘረ መሉን ፒኪያ ፓስቶሪስ ወደተባለ ሌላ እርሾ አስገብቼ፣ ኢንዛይሙን በብዛት አስመርቼ አጣራሁት። ለመጀመሪያው ፍተሻ የመረጥሁት የተለመደውን ፓራ ናይትሮፌኒል ፎስፌት ነው፤ ፎስፌቱ ተቆርጦለት አልካሊ ሲጨመርበት ቢጫ ይሆናል። ቱቦዎቹ ደምቀው ቢጫ ሆኑ። እኔም ለእናቴ «ብረትሽን የሚፈታው ተገኘ» አልኋት።

ተሳስቼ ነበር። ፋይቴት ሳቀርብለት ያው ኢንዛይም ዳተኛ ሆነ። የመጀመሪያው ውሁድ ትንሽና ለመያዝ የሚቀል ሲሆን፣ ፋይቴት በአንድ ቀለበት ላይ ስድስት ፎስፌት የተሸከመ፣ ኤሌክትሪካዊ ሙሌቱ የበዛ ሞለኪዩል ነው። ከብረት ጋር ተጣብቆ ሲዘቅጥ ደግሞ ይብሱን ይጠነክራል። በዚያ ላይ የለካሁት በ37 ዲግሪ ሙቀት ነበር፤ የእናቴ ሊጥ ግን ከዚያ በሚቀዘቅዝ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚቦካው። ኢንዛይም ምን እንደሚመርጥ የሚታወቀው ከቀረቡለት መካከል ብቻ ነው፤ ያላቀረብንለትን በተመለከተ ቢጫው ቀለም ምንም አይናገርም።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ በሥራችሁ ቁጥር ስለምትመዝኑ ነው። የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ በእህሉ ያለውን ጠቅላላ ብረት ይነግረናል፤ ወደ ደም የገባውን አይነግረንም። የመጀመሪያውን መለካት ቀላል ስለሆነ ብቻ የሁለተኛው ምትክ አድርገን ዕቅድ ስናወጣ፣ እኔ በቱቦዎቼ የሠራሁትን ስሕተት በሕዝብ ላይ እንደግመዋለን። ለእናቶች ጤና የሚመደብ ገንዘብ የሚመዘነው በተከፋፈለው ዱቄት ብዛት ሳይሆን በእናቶች ደም ውስጥ በታየው ለውጥ ሊሆን ይገባል፤ ውድና አድካሚ ቢሆንም።

ቡኮ ፋይቴትን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ሥራው ግን የእህሉ የራሱ ኢንዛይሞችና የብዙ ረቂቃን ሕዋሳት ማኅበር እንጂ የአንድ ኢንዛይም አይደለም። እናቴ አሁን የታዘዘላትን የብረት ክኒን ትወስዳለች፤ እንጀራዋንም አልተወችም። ያስቸገረን ቡናው ነው። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ እንዲዘገይ ለመንኋት። እስካሁን በየማለዳው እንከራከራለን፤ ውጤቱን የሚነግረን የሚቀጥለው የደም ምርመራ ነው።